«አስር ደቂቃ ብቻ ቀረን»፦ በበልግ ተራራና ቋጥኝ ለመውጣት ለምታስቡ



ሰሞኑን ከለቡ አንዲት እህት በኢንቦክስ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ዶክተር፣ የፊታችን ቅዳሜ ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር ወጨጫ ልንወጣ ነው። ጫፉ አካባቢ በእጅም በእግርም እየተያዘ የሚወጣ ድንጋያማ ቦታ አለ ብለውናል። ስልኬ ላይ ያለው አፕ ጠዋት ፀሐይ ያሳየኛል፣ ማታ ስከፍተው ነጎድጓድ። ልሂድ ወይስ ልቅር? ብር ደግሞ ከፍለናል።»

ያስደነገጠኝ ዝናቡ አይደለም። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት። «ብር ከፍለናል።» እኔ ራሴ የተሸወድኩት በዚህች ቃል ስለሆነ መጀመሪያ የራሴን ልንገራችሁ።

የዛሬ ጥቂት ዓመት ሚያዝያ ውስጥ፣ ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ፣ ዘጠኝ ሆነን ከጀሞ ተነሳን። ሚኒባስ ተከራይተናል፣ ምሳ አሠርተናል፣ ፎቶ የሚያነሳ ልጅ ሳይቀር ይዘናል። ቀጠሯችን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነበር። የተንቀሳቀስነው ግን 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው (ምክንያቱን ታውቁታላችሁ፤ «መጣሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ» የሚል ሰው ከአልጋው አልወረደም)። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ አንድ ደመና የለም። ሰበታን አልፈን ወደ ሱባ ስንታጠፍ ሁላችንም ጃኬታችንን አውልቀን መኪና ውስጥ ጥለነዋል። መልሰን ያነሳነው ግማሾቻችን ብቻ ነን።

7 ሰዓት ሆነ። ጫፍ አልደረስንም። ከደቡብ ምሥራቅ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። አይቼዋለሁ። «እንመለስ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። አንዱ ጓደኛችን «አስር ደቂቃ ብቻ ቀረን፣ እዚህ ድረስ መጥተንማ አንመለስም» አለ። ሁሉም ተስማማ። እኔም ፈሪ እንዳልባል ዝም አልኩ። ሐኪም ሆኜ!

አስር ደቂቃዋ አርባ ሆነች። ድንጋዩ ላይ እያለን በረዶ ወረደ፤ ከበረዶው በኋላ ደግሞ ዝናብና ንፋስ። ከመካከላችን አንዲት ቀጠን ያለች ልጅ ጂንስ ሱሪና የጥጥ ሹራብ ነበር የለበሰችው። ስንወርድ መጀመሪያ ከቅርብ ጓደኛዋ ጋር በማይረባ ነገር ተጣላች። ጉዞው ስለተበላሸ የተናደደች ነበር የመሰለን። ቀጥሎ የቦርሳዋን ዚፕ መዝጋት አቃታት። እግሯ መደናቀፍ ጀመረ። ስሟን ጠርቼ ስታናግረኝ ቃላቷ እንደ ሰከረ ሰው ተጎተቱ። ያን ጊዜ ነው የነቃሁት። ሙቀቷ ወርዷል!

ዛፍ የበዛበት፣ ንፋስ የማይገባበት ቦታ ፈልገን እርጥቡን ልብስ አስወለቅናት፣ የደረቀ ሹራብ አለበስናት፣ በላስቲክ ጠቀለልናት፣ ከመሬቱ እንዲለያት ቦርሳዎች ላይ አስቀመጥናት። ሁለት ጓደኞቿ ከግራና ከቀኝ ተጣበቁባት። አንዱ ይዞት የነበረ በፔርሙዝ ያለ ስኳር የበዛበት ሻይ ነበር፤ በትንሽ በትንሹ ጠጣች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ራሷን ሆነች። መኪናው ጋ የደረስነው መሽቶ ነው። ዛሬ ደህና ናት፣ ታሪኩንም እየሳቀች ነው የምታወራው። እኔ ግን ያቺን ዝምታዬን እስካሁን አልረሳኋትም።

ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ አብዛኛው ነገር ተራራው ላይ የሚደረግ አይደለም። ቤት ውስጥ፣ ከመነሳታችሁ በፊት የሚወሰን ነው።

በመጀመሪያ ወቅቱን እንወቀው። ብዙዎቻችን ፀደይ ሲባል መስከረምና አደይ አበባ ነው የሚታየን። በቀን መቁጠሪያችን ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው ነው፤ ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። የሜትሮሎጂ ሰዎች ደግሞ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለውን በልግ ይሉታል። የመፀው አየር ይታመናል፤ ጥቅምት ላይ ተራራ የወጣ ሰው ብርድ እንጂ ዝናብ ብዙም አያስጨንቀውም። በልግ ግን ጸባዩ አይታወቅም። እርጥበቱ በአብዛኛው ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል ይመጣል፤ ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ለሳምንታት ይቀራል። አንድ ቀን ጀሞ ላይ ልብስ እያሰጣችሁ ሳሪስ ያለች እህታችሁ «ኧረ በረዶ እየወረደ ነው» ብላ የምትደውልላችሁ ለዚህ ነው። ደመናው ጠባብ ቦታ ላይ ነው የሚፈላው።

የሚፈላበት ሰዓት ግን መላ አለው። ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ታሞቃለች፤ የሞቀው አየር የተራራውን ገላ ይዞ ሽቅብ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ይደምናል፣ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይሆናል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም፤ በልግ ጠዋትም ሊዘንብ ይችላል። ግን የበልግን ማዕበል የመሸወጃ አንድ ዘዴ ምረጥ ብትሉኝ የምመርጠው ሰዓቱን ነው። ገና ሳይነጋ ተነሱ። ከቀኑ 5 ሰዓት ላይ የትም ብትሆኑ፣ ጫፉ አንድ ድንጋይ ቢቀረው እንኳ፣ ፊታችሁን አዙሩ። 7 ሰዓት ላይ መኪናችሁ ጋ ሁኑ።

ይህቺን «የመመለሻ ሰዓት» ከጉዞው በፊት በቴሌግራም ግሩፓችሁ ላይ ጻፏት፣ ሁሉም «እሺ» ይበልባት። ላይ ከተደረሰ በኋላ ውይይት የለም፤ ምክንያቱም የደከመ፣ የራበውና ጫፉ የታየው ሰው ጥሩ ውሳኔ አይወስንም። አንድ ሰው ብቻ «እንመለስ» ካለ ሁሉም ይመለስ። የሚሳለቅበት አይኑር።

ስለ ብሩ ደግሞ፦ ከመክፈላችሁ በፊት አዘጋጆቹን «አየሩ ከተበላሸ ቀኑን ትለውጡልናላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለት ቀን ያዙ፣ ለምሳሌ ይህን ቅዳሜና የሚቀጥለውን። ሚያዝያ 23 እና 27 ሥራ ዝግ ስለሆነ ለተጠባባቂ ቀን ይመቻሉ። የማይለውጥ አዘጋጅ ከሆነ ብሩን እንደጠፋ ቁጠሩት። የተከፈለ ብር ብትሄዱም ብትቀሩም ተከፍሏል።

የስልክ አፑን በተመለከተ፣ ከአምስት ቀን በፊት የሚያሳያችሁን ብዙ አትመኑት። ከሦስት ቀን በፊት ጀምራችሁ ተከታተሉ፣ ዋዜማ ማታ እና ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት እንደገና እዩ። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን ትንበያም ተመልከቱ። «40 በመቶ» ቢላችሁ የቀኑ 40 በመቶ ይዘንባል ማለት አይደለም፤ በዚያ ቦታ ዝናብ የመኖሩ ዕድል ነው። ደግሞም «አዲስ አበባ» ብላችሁ የፈለጋችሁት ትንበያ ለተራራው ጫፍ አይደለም። ጀሞና ለቡ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ናቸው፤ የወጨጫ ጫፍ ከ3,300 ይበልጣል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ ወደ 6 ዲግሪ ይወርዳል። ሰፈራችሁ 20 ዲግሪ ሲሆን ላይ 13 ወይም 14 ነው፤ ንፋሱና እርጥበቱ ሳይቆጠር ማለት ነው።

«13 ዲግሪማ ምን አላት?» ትሉ ይሆናል። የሰውነት ሙቀት አደገኛ በሆነ ሁኔታ የሚወርደው በረዶ አገር ብቻ ይመስለናል። አይደለም። ውሃ ከአየር ይልቅ ከ20 ጊዜ በላይ በፍጥነት ሙቀት ይወስዳል፤ የበሰበሰ፣ የደከመና ያልበላ ሰው ከዜሮ በላይ ባለ አየር ውስጥም የውስጥ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። ምልክቱ ከመንቀጥቀጥ ይጀምራል። ከዚያ ያለምክንያት መነጫነጭ፣ ጣት አልታዘዝ ማለት፣ መደናቀፍ፣ የአነጋገር መጎተት ይከተላል። ሳይሞቅ መንቀጥቀጡ ካቆመ «ተሻለው» እንዳትሉ! ሰውነቱ ተሸነፈ ማለት ነው፤ ያ ሰው ሆስፒታል ያስፈልገዋል። በእንክብካቤ አግድም ተሸክማችሁ አውርዱት እንጂ በእግሩ እንዲሄድ አታስገድዱት።

አረቄ አትስጡ። ይህን በደማቁ አስምሩልኝ። አረቄ የቆዳ የደም ሥሮችን ስለሚከፍት ሙቀት የተሰማን ይመስለናል፤ እውነታው ግን ከውስጥ ያለውን ሙቀት አውጥቶ ለንፋሱ መስጠት ነው። ራሱን ላወቀና መዋጥ ለሚችል ሰው ስኳር የበዛበት ትኩስ ሻይ ይበልጣል።

ልብስ ላይ የምናደርገው ስህተት ጥጥ ነው። ጂንስ፣ የጥጥ ቲሸርት፣ ጋቢ (ጋቢ ቤት ውስጥ ንጉሥ ነው፣ አልካድኩም) አንዴ ከራሱ ሙቀት መያዝ ያቆማል፣ ቶሎም አይደርቅም። ከሥር ፖሊስተር የስፖርት ቲሸርት፣ ከላዩ የሱፍ ሹራብ፣ ከዚያ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት። ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ትልቅ የቆሻሻ ፌስታል ለአንገትና ለእጅ ቀዳዳ ከተበጀለት ጥሩ የዝናብ ልብስ ነው። አንድ ሙሉ ቅያሪ ልብስ በሌላ ፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙ። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ የጠዋት ፀሐይ አታሏችሁ ጃኬታችሁን መኪና ውስጥ እንዳትተዉ።

አሁን ወደ መብረቅ እንምጣ። የመብረቁን ብልጭታ ካያችሁ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቁጠሩ፤ ሦስት ሰከንድ ማለት አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 30 ሳትደርሱ ከተሰማ 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ናችሁ፤ ቀጣዩ እናንተ ጋ ሊወርድ ይችላል። ውረዱ። መጨረሻ ከተሰማው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ገላጣ ቦታ አትመለሱ። ከጫፍና ከሸንተረር ራቁ፣ ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ። ተራራ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ ጥልቀት የሌለው ዋሻ ወይም ቋጥኝ ሥር ተጠግቶ መቆም ነው፤ ኤሌክትሪኩ በድንጋዩ ገጽ ላይ ሮጦ ሰው ላይ ሊሻገር ይችላል። ሜዳ ላይ ፍጹም አስተማማኝ ቦታ የለም። መስኮቱ የተዘጋ፣ ጣሪያው ብረት የሆነ ሚኒባሳችሁ ግን ጥሩ መጠለያ ነው። መድረስ ካልቻላችሁ ዝቅ ያለ ቦታ ፈልጉ፣ አንድ ላይ አትታቀፉ፣ ተራራቁ።

ሰው ቢመታ «አትንኩት፣ ኤሌክትሪክ አለበት» የሚባለው ስህተት ነው። ሰውነቱ ላይ የሚቀር ኤሌክትሪክ የለም። ንኩት፣ እርዱት። ብዙ ሰው ከተመታ ቅድሚያ ለሚጮኸው አይደለም፤ ለዝምተኛው ነው። የሚጮኸው ይተነፍሳል። የማይተነፍሰውን ደረቱ መሃል ላይ፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል እየገባ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ተጫኑ። በመብረቅ የተመታ ሰው ወዲያው ከተረዳ የመትረፍ ዕድሉ ጥሩ ነው፤ ተስፋ አትቁረጡ።

ቋጥኙን በተመለከተ አጭር ልሁን፤ እኔ የአለት መውጣት አሠልጣኝ አይደለሁም፣ የወደቀውን የማክም ነኝ። የወጨጫ ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ሲረጥብ ላዩ ላይ ያለው ሽበትና ጭቃ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ከአራቱ እጅና እግራችሁ ሦስቱ ሁልጊዜ ድንጋይ ይያዙ፣ አንዱ ብቻ ይንቀሳቀስ። ከላያችሁ ሰው ካለ ከሥሩ አትቁሙ። ጠዋት በደረቁ የወጣችሁትን ከሰዓት በእርጥቡ መውረድ አለባችሁ፤ ስትወጡ ይህን አስቡ። በገመድ የምትወጡ ከሆነ ገመድ ሲረጥብ ጥንካሬው እንደሚቀንስ አትርሱ፣ ሄልሜት አድርጉ፣ ያለ አሠልጣኝ አትሞክሩ። እንደ ገርዓልታ ያለ አሸዋማ ድንጋይ ደግሞ ሌላ ነው፤ ውሃ ሲገባው ውስጡ ይደክማል፣ የያዛችሁት ጉጥ ተገንጥሎ እጃችሁ ላይ ሊቀር ይችላል። ዝናብ ከጣለ ቢያንስ አንድ ሁለት ቀን መድረቅ አለበት።

የወደቀ ሰው ካለ፣ አንገቱን ወይም ጀርባውን ካመመው አታንቀሳቅሱት። እጅ ወይም እግር ከተጣመመ ወጌሻ አትሁኑበት! አትጎትቱ፣ አታሹ። እንዳለ በእንጨትና በሻሽ ደግፋችሁ እሰሩ። ጭንቅላቱን ተመትቶ ራሱን የሳተ ወይም የሚያስመልሰው ሰው «ደህና ነኝ» ቢልም ቤቱ አይግባ፣ ሆስፒታል ይሂድ።

ጾምን ሳላነሳ ብቀር ደግሞ ግማሹን እንደተውኩት ነው፤ በልግ ሲመጣ ዐቢይ ጾምም አለ፣ ረመዳንም በዚሁ ወቅት የሚውልበት ጊዜ አለ። ጾሙ የእናንተና የእምነታችሁ ጉዳይ ነው፣ እኔ አልገባበትም። ከሰውነት አንጻር ግን እስከ 9 ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምሱ 1,000 ሜትር ሽቅብ መውጣትና በዝናብ መመታት አብረው አይሄዱም፤ ሰውነት ሙቀት የሚሠራው ከምግብ ነው። ቀኑን ከጾሙ በኋላ አድርጉት፣ ወይም ቀለል ያለ መንገድ ምረጡ። ጀሞ ጀርባ ያለው ፉሪ ከ2,800 ሜትር ትንሽ ነው የሚያልፈው፣ ለግማሽ ቀን ይበቃል። ምግብ ለሚይዝ ሰው በሶ፣ ቆሎ፣ ተምር፣ ሙዝ ከየትኛውም የታሸገ ብስኩት አያንስም። ውሃ ለአንድ ሰው ከሁለት ሊትር አይነስ፣ ቢበርድም።

ስኳር ያለባችሁና ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትወስዱ፣ ባዶ ሆድ አትውጡ፤ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማችሁን ስለ መጠኑ አማክሩ፣ ከረሜላ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን፣ ምን እንደሚያደርግላችሁ የሚያውቅ አንድ ጓደኛ ይኑር። አስም ያለባችሁ ፓፋችሁ ቦርሳ ታች ሳይሆን ኪስ ውስጥ። የሚያሸና የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ውሃ ቶሎ ስለሚያልቅባችሁ ጠይቁን እንጂ በራሳችሁ አታቋርጡ። ለበዓል ከውጭ የመጡ ዘመዶቻችሁን ደግሞ በማግሥቱ ተራራ አታውጧቸው። እኛ ከፍታውን ለምደነዋል፤ ከባሕር ዳርቻ ከተማ ትናንት ያረፈ ሰው ግን አዲስ አበባም ራሷ ከፍታ ናት። ሁለት ሦስት ቀን ይረፉ። ላይ ሆነው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመራቸው መድኃኒቱ መውረድ ነው።

ስልክ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ መዝግቡት። ግን አምቡላንስ መኪና መንገድ ላይ እንጂ ገደል ላይ አይመጣም፤ እስከ መንገዱ የምታወርዱት እናንተ ናችሁ። ጫካው ውስጥ ኔትወርክ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ቤት ለቀረ ሰው የት እንደምትሄዱ፣ በየት በኩል እንደምትወጡና በስንት ሰዓት እንደምትደውሉ ንገሩት፤ ካልደወላችሁ ማን ጋ እንደሚደውል ይወቅ። የአካባቢው ሰው የሆነ መንገድ መሪ ያዙ፣ የአካባቢውን ጸጥታም ጠይቁ። እሱ ደመናውን ከእናንተ አፕ በተሻለ ሊያነበው ይችላል።

ስትመለሱ ደግሞ፣ ላይ ዘንቦ ከሆነ ታች ደራሽ ውሃ አለ። ወንዙን ጠዋት በድንጋይ ተራምዳችሁ ስላለፋችሁት ማታ አታልፉትም። 30 ሴንቲ ሜትር የሚፈስ ውሃ ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ ይችላል። ሹፌሩ «አውቀዋለሁ» ቢልም ጠብቁ። ሰፈራችንም ከደረሳችሁ በኋላ ትንሹ አቃቂና ገባሮቹ አሉ፤ እዚያም ያው ነው።

ለለቡዋ እህቴ የመለስኩላት ይህ ነው፦ ቅዳሜ ጠዋት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሺና ሰማዩንም አፑንም እዪ። ነጎድጓድ ካለ አትሂዱ። ከሌለ 11 ሰዓት ላይ ተንቀሳቀሱ፣ 5 ሰዓት ላይ ተመለሱ። አስጎብኚዎቹ 2 ሰዓት ላይ ነው የምንነሳው ካሉሽ ድንጋያማው ቦታ ይቅርባችሁ፣ ጫካው ውስጥ ጽዱንና ዝግባውን እያያችሁ ምሳችሁን በልታችሁ ተመለሱ።

ትናንት ማታ መልሳ ጻፈችልኝ። አዘጋጆቹ መነሻውን ወደ 11 ሰዓት ቀይረውታል። ሁለት ልጆች «በሌሊትማ አንነሳም» ብለው ቀርተዋል። ጂንሷን ግን እንደምትለብስ ነግራኛለች፤ በእሱ ላይ እየተከራከርን ነው።